ቀጥ ያሉ አንገቶች

ዝናቡ ሳይገባ ኩሬው ኩሬ አይመስልም ነበር። ከሰው ቁመት በላይ ያደገ ፊላ ከዳር እስከ ዳር ውጦታል። መሃል ላይ የቀረው ክፍት ውሃ ከአንድ የአልጋ አንሶላ አይሰፋም። የልብስ ሰፊዋ አባት በሕይወት ሳሉ የዱር ዳክዬ ያርፍበት ነበር፤ ከእሳቸው ወዲህ ያረፈበት ነገር ቢኖር ጎረቤት የወረወረው አሮጌ ጎማ ብቻ ነው።

ዛሬ ማለዳ ልብስ ሰፊዋ ዳሩ ላይ ቆማ የምታየው ሌላ ኩሬ ነው። ፊላውን በነፋሱ አቅጣጫ አጭዳ ለማረፊያ የሚሆን ረጅም የውሃ ጎዳና ከፍታለች፤ ዳርና ዳሩን ለመሸሸጊያ ትታዋለች። የተሰበረ በር በባዶ ጀሪካኖች ላይ አስራ፣ ሣር አልብሳ ደሴት ሠርታለች። በደሴቱ ዙሪያ በእጇ የሰፋቻቸው ስድስት ዳክዬዎች ይንሳፈፋሉ፦ ሰውነታቸው የዘይት ጀሪካን፣ ልብሳቸው የአሮጌ ጃንጥላ ጨርቅ፣ አንገታቸው ሽቦ የገባበት ጥቅል። ከሱቅ የተገዛው ማሰሪያው ሲባጎ ብቻ ነው።

ከኋላዋ አፈር የተሸከመ ገልባጭ መኪና መጥቶ ቆመ። ታላቅ ወንድሟ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

«በይ እንግዲህ፣ የአባቴ ልጅ። ቃል የእምነት ዕዳ ነው።»

ቃሉ የሁለቱም ነበር። አፈር ጭኖ እስኪመጣ ድረስ አንድ ዳክዬ ካረፈ ኩሬው እንዳለ ይቆያል፤ ካላረፈ ይደፈንና የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። ወንድሟም ክፉ ሆኖ አይደለም። መኪናው መንገድ ላይ ሲያድር ሌባ መለዋወጫ ጎማውን ፈቶ ወስዶበታል።

«ጋሼ፣ ፀሐይዋ እንኳ አልሞቀችም። ዳክዬዎቹ ከግድቡ የሚነሱት ገና አሁን ነው።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ» አለና እጁን ወደ ጋቢናው በር ሰደደ።

«እነሆ!» አለችው።

ሰባት ዳክዬዎች በጎረቤት ጣሪያ ላይ ብቅ አሉ። ኩሬውን አንዴ ዞሩት። የክንፋቸው ፉጨት እስኪሰማ ዝቅ አሉ። ከዚያ አንድ የማይታይ እጅ ሽቅብ የጎተታቸው ይመስል ድንገት ተነስተው ሄዱ። ትናንትም እንዲሁ አድርገዋል፤ ትናንት በስቲያም።

ወንድሟ ከት ብሎ ሳቀ። «ምነው! የጃንጥላ ዘመዶቻችሁን ሰላም እንኳ ሳትሉ?»

እሷ አልሳቀችም።

«እኔ ግን አልፈርድባቸውም» አለ ዓይኑን እየጠራረገ። «እስቲ የአንቺዎቹን እያቸው! ስድስቱም አንገታቸውን ቀጥ! ጭልፊት ያየች ዶሮ እኮ ነው የሚመስሉት።»

ልብስ ሰፊዋ ደርቃ ቀረች። የገዛ ግቢዋ ዶሮዎች በዓይኗ መጡ። ሲለቅሙ አንገት ያላቸው አይመስሉም። በላያቸው የአሞራ ጥላ ሲያልፍ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀጥ ይላሉ፤ አንዷ ከጮኸች ሁሉም ይበተናሉ። ከሰማይ ሆኖ ኩሬውን ለሚያይ ዳክዬ እነዚህ ስድስት አንገቶች የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፦ ሽሽ።

ስህተቱ የሙያዋ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ደንበኛ ፊቷ ባቆመች ቁጥር «አንገት ቀና!» ስትል ኖራለች። ዳክዬዎቹንም አምሮባቸው ለሰርግ እንደሚሄዱ አድርጋ ሰፋቻቸው።

«ጋሼ፣ እንዳትገለብጥ!»

ቀሚሷን እንኳ ሳትሰበስብ ውሃው ውስጥ ገባች። የመጀመሪያውን ዳክዬ አንገት አጥፋ ምንቃሩን ውሃ ውስጥ ነከረች። የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ጭንቅላት ክንፍ ሥር ወሸቀች። ሁለቱን ወደ ጎን አጎነበሰቻቸው። አንዱን ብቻ ለዘበኝነት ቀና እንዳለ ተወችው።

«አሁን ደግሞ አስተኛሻቸው?»

«ዝም በል። ጎንበስ!»

ከአባታቸው በኋላ እንዲህ ያዘዘው ሰው የለም። ከገልባጩ መኪና ጎማ ሥር ቁጢጥ ሲል ራሱም ገረመው። እሷም ውሃዋን እያንጠፈጠፈች አጠገቡ ተቀመጠች።

ዳክዬዎቹ ተመለሱ። አንዴ ዞሩ። ሁለተኛውን ዙር ግማሽ ላይ አቋርጠው ፊታቸውን ወደ ነፋሱ መለሱ፤ ክንፋቸውን አጎበጡ፤ እግራቸውን ዘረጉ። ከዚያም እሷ በከፈተችው ጎዳና ላይ ውሃውን እየሰነጠቁ አንድ በአንድ ወረዱ።

«አረፉ እኮ» አለ በሹክሹክታ፣ ክንዷን ጨምድዶ ይዞ። «እቴ! ሰባቱም አረፉ!»

«አየሁ፣ ጋሼ።»

«ልክ እንደ አባባ ጊዜ።» ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ አየውና መልሶ ከተተው። «አሁን ሞተር ባስነሳ...»

«ይበራሉ።»

«እና መኪናዋ አፈሩን ተሸክማ ትዋል?»

«ትዋል። እነሱ ሲሄዱ ያንን ጎድጓዳ የአጥር ጥግ ሙላበት። መኪናህ እዚያ ትቆማለች። በዓይኔ ለክቼዋለሁ፤ ይበቃታል።»

«በዓይንሽ?»

«የለበስከውን ሱሪ በምን ለክቼ የሰፋሁልህ ይመስልሃል?»

ወንድሟ ሱሪውን አየ። ልኩ ነው።

ከሰባቱ አንዷ ከጓደኞቿ ተለይታ ወደ ደሴቱ ቀዘፈች። ከተኛው የጃንጥላ ዳክዬ ጎን ስትደርስ ቆመች። ላባዋን አራገፈች፤ አንገቷን አዙራ ምንቃሯን ክንፏ ሥር ወሸቀች።

ልብስ ሰፊዋ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አልነካችም። በዓይኗ ልክ በሁለቱ ዳክዬዎች መካከል ያለው ውሃ አንድ ክንድ ከስንዝር ነበር።