የመጀመሪያዋን እንቢ በል

ሔኖክ ኪዳነወልድ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጥቁር ሣጥን ታስሮለታል። ሣጥኑ በየግማሽ ሰዓቱ ላቡን ያሸታል። አልኮል ካገኘ ፍርደኞችን ለሚከታተለው ቢሮ ይናገራል።

ሰክሮ ሲነዳ አንድ ብስክሌተኛ ገጭቶ ነው። ሰውዬው ተረፈ። ዳኛው አሥራ አራት ወር እስራት ፈረደና በገደብ አቆየለት። ዘጠና ቀን ጠብታ ላይቀምስ። ከቀመሰ ይታሰራል፤ ዜግነት ስላልወሰደ ደግሞ ከእስር ሲወጣ ወደ አገር ይመልሱታል። ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያያትን የስድስት ዓመት ልጁን ሎዛን አያገኛትም።

ኤርምያስ የድሮ የመጠጥ ጓደኛው ነው። ከተወ አራት ዓመት ሆኖታል። እዚያው እንግሊዝ አገር፣ ካምደን ሰፈር ካለው የሱሰኞች ስብሰባ የሰማቸውን አጫጭር አባባሎች ወደ አማርኛ እየመለሰ ይሰጠዋል። «ዛሬን ብቻ።» «የመጀመሪያዋን እንቢ በል፤ አሥረኛዋ አትመጣም።» «ከብርጭቆ ስልክ ይቀላል።» ሔኖክ አርችዌይ ባለችው ጠባብ ክፍሉ ፍሪጁ ላይ ለጥፏቸዋል። ጠዋት እንደ ዳዊት ይደግማቸዋል።

በስድሳኛው ቀን፣ በመስከረም መጨረሻ፣ አባቱ ከቢቸና ሊጠይቁት መጡ። የአባቱን መሬት ያርስ የነበረው የሔኖክ ታላቅ ወንድም አምና አርፏል። መሬቱን የእኩል አራሽ ይዞታል፤ የአጎቱ ልጅ ደረጄ ይቆጣጠራል። አቶ ኪዳነወልድ ሁለት ኪሎ ማር ይዘዋል። ወሬ አያበዙም።

«እንደ በሬ ነው ያሰሩህ?» አሉ እግሩን አይተው።

«ዘጠና ቀን ነው አባባ።»

«ብትጠጣስ?»

«እታሰራለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ወደ አገር ይመልሱኛል።»

«ተመልሰህ አትመጣም?»

«አልመጣም።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከባድ ነው» አሉ።

በማግሥቱ ማሩን በውሃ በጠበጡ። ማሰሮ ስለሌለ በፕላስቲክ ባልዲ አደረጉት፤ በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ከማሞቂያው ሥር አስቀመጡት።

«ብርዝ ነው። ብርድ አይወድም» አሉ። «መጠጥ የተወ ሰው አፉ ሥራ ይፈልጋል።»

ጠዋት ጠዋት አንድ ትልቅ ኩባያ ይሰጡታል። ሳይጨርስ ከበር አያስወጡትም። የመጀመሪያው ሰሞን ጣፋጭ ነበር።

«ቆነጠጠኝ እኮ አባባ» አለ አንድ ቀን።

«የእንግሊዝ ውሃ ነው።»

ሔኖክ ሳቀና ጨለጠው። በልጅነቱ ከአባቱ እጅ የሚያውቀው ጅራፍ ነው። አሁን ኩባያ ይዘው ሲቆሙ ሲያይ እንቢ ማለት አልሆነለትም። ሥራው ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው፤ በእነዚያ ቀናት ደረቱ ሞቆ፣ ልቡ ቀሎት ይሄድ ነበር።

«አባባሎቹ ሠሩ» አለው ለኤርምያስ።

«አላልኩህም?» አለ ኤርምያስ። ማታ ማታ ቼክ ሊያደርገው ይመጣል፤ ዝንጅብል ያለበት ሻይ በፔርሙዝ ይዞ።

በሰባ አንደኛው ቀን ቢሮው ጠራው። ጉዳዩን የያዘችው ሴትዮ ወረቀት አሳየችው። ሣጥኑ አልኮል አሽትቷል።

«አልጠጣሁም» አለ ሔኖክ።

«ምን ምን ጠጣህ?»

«ውሃ። ጓደኛዬ የሚያመጣው ሻይ። ጠዋት ብርዝ።»

«ብርዝ ምንድን ነው?»

«ማርና ውሃ። ለሕፃንም ይሰጣል።»

«ማርና ውሃ» ብላ ጻፈች። ማስጠንቀቂያ ሰጠችው። ሁለተኛ ከተገኘ ፍርድ ቤት ነው።

ለአባቱ ነገራቸው።

«ያ ሻይ ተሸክሞ የሚዞረው ሰው ሥራው ምንድን ነው?»

«መጠጥ ቤት ሰሃን ያጥባል።»

«እ» አሉ። ያቺ «እ» ግን ከሔኖክ ጆሮ አልወጣችም።

ረቡዕ ኤርምያስ እንደ ልማዱ መጣ። ሻዩን ቀዳ።

«አንተ መጀመሪያ ቅመስ» አለው ሔኖክ።

«ምነው፣ ነገሥህ እንዴ? ቀማሽ አማረህ?»

«ቅመስ አልኩህ!»

ኤርምያስ ሳቁን ዋጠ። ኩባያውን አንሥቶ ጠጣ። ሔኖክ ፊቱን እያየ አላመነውም።

«እኔ ተውኩ ስል ቀናህ። ብቻህን መውደቅ ከበደህ።»

«ሔኖኬ፣ እኔ እኮ አልወደቅሁም። አራት ዓመቴ ነው።»

«ውጣ።»

ኤርምያስ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ አንድ ቃል ይበሉት።»

አቶ ኪዳነወልድ መስኮቱን ያያሉ። ኤርምያስ ጃኬቱን አንሥቶ ሄደ። ሔኖክ ፍሪጁ ላይ ያሉትን ወረቀቶች አንድ በአንድ ቦጭቆ ጣለ። አሥራ ሁለት ዓመት የሚያውቀው ሰው ነበር።

አባቱ ከባልዲው ቀዱለት።

«ጠጣ» አሉ። «ሰው እንዲህ ነው።»

ሐሙስ ቢሮው እንደገና ጠራው። ሣጥኑ ማክሰኞም ረቡዕም አሽትቷል፤ ካለፈው የባሰ። ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ሌላ ሰው አስገብታ የፍርድ ቤቱን ቀን ነገረችው። ጠበቃው በስልክ፣ «ልብስ አዘጋጅ» አለው።

ወደ ቤት በእግሩ ሄደ። ለሎዛ ምን እንደሚላት አላወቀም። ኤርምያስን በልቡ ረገመው፤ ደጋግሞ ረገመው። ይበልጥ የጨነቀው ግን የአባቱ ነገር ነው። ይህን ሁሉ አገር አቋርጠው የመጡ ሽማግሌ፣ በገዛ እጃቸው እየቀዱ ሲያስታምሙት የከረሙ ሰው፣ ይህን ሲሰሙ ይሰበራሉ። ደረጃው ላይ ቆሞ ቃላት መረጠ። ቀስ ብሎ ሊነግራቸው ወሰነ።

ቁልፉን እንደያዘ በሩ ጋ ደረሰ። አባቱ ስልክ ላይ ነበሩ። በስልክ ሲያወሩ፣ ያለ ስልክም ቢቸና የሚሰማ ይመስል ይጮኻሉ።

«አይ ደረጄ፣ ሌላ አራሽ አታስገባ!» ይላሉ። «አሥራ አራት ወር ይባላል እንጂ የሚታሰረው ሰባቱን ነው፤ አስጠይቄያለሁ። ለግንቦት እርሻ ይደርሳል።»