ምንጭ የሌላት ዓረፍተ ነገር

ኃላፊዋ የብሎጌን ጽሑፍ አሳትማ ጠረጴዛው ላይ ወደኔ ታዞረዋለች። አራት ገጽ ነው።

"ተቀመጪ እንጂ፣ አልበላሽም" ትላለች። የወተት ፋብሪካው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ናት። ወንበሩ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ።

"ለክፍል ሥራ የተጻፈ አይመስልም። መምህራችሁ ስንት ሰጠሽ?"

"ገና አልታረመም።"

"እኔ ብሆን መቶ ከመቶ።" ሳቋ አጭር ነው። "አሁን ማን እንደነገረሽ ንገሪኝ።"

በዚህ ሴሚስተር እያንዳንዳችን አንድ ድርጅት መርጠን፣ ለሕዝብ የሚያወጣውን መግለጫ ብሎግ ላይ እንድንመረምር ታዘናል። እኔ ይህን ፋብሪካ መረጥኩ። አንድ እሑድ ሕፃናት በወተቱ ሲታመሙ "ችግሩን ሰኞ ሰማን፣ ማክሰኞ ጠዋት ወተቱን ደፋን" የሚል መግለጫ ከነፎቶው ማክሰኞ ከሰዓት ወጣ። ፎቶው ግን የተነሣው ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ነው ብዬ ጻፍኩ። ሕፃናቱ ሳይታመሙ በፊት ያውቁ ነበር ማለት ነው።

"ማንም አልነገረኝም።"

"ወሬ በሆዱ የማያድር ሠራተኛ አለን። እሱን ብቻ ስጪኝና ዛሬውኑ ላሰናብተው። ያንቺን ጽሑፍ አልነካውም።"

ወንድሜ እዚሁ ግቢ ውስጥ ወተት ያሽጋል። እሷ ይህን አታውቅም። እኔም እናቴም የምናድረው በሱ ሥራ ነው። ደግሞ ምንም አልነገረኝም፤ ስለ ሥራው ሲጠይቁት "ወተት ነጭ ነው" ብሎ የሚተኛ ሰው ነው። ስለዚህ የሚያድነው እውነቱ ነው። አንድ በአንድ ካሳየኋት ታምነኛለች።

"ከራሳችሁ ጽሑፍና ከፎቶው ነው ያገኘሁት። ላሳይዎት?"

"እስቲ አሳዪኝ።"

ጣቴን ወረቀቱ ላይ አሳርፋለሁ። መምህራችን ምንጭ የሌለው ነገር እንዳንጽፍ ስለሚያስጠነቅቀን፣ ወደ ምንጭ የሚወስደው ዓረፍተ ነገር ሁሉ በሰማያዊ ታትሟል።

"አንደኛ፣ ፎቶው ላይ ብርሃኑ የሚገባው በዚህ መስኮት ነው። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ መሆኑ ለጎብኚዎች ባወጣችሁት የግቢ ካርታ ላይ አለ። ስለዚህ ጠዋት ነው።"

ሰማያዊ።

"ሁለተኛ፣ ወተቱን የሚደፉት ሰዎች ቢጫ ቆብ አድርገዋል። ሁለት ፈረቃ አላችሁ፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ አረንጓዴ ያደርጋል። መጽሔታችሁ ላይ አለ። ሦስተኛ፣ ጠዋትና ከሰዓት የሚገቡት በየሳምንቱ እየተቀያየሩ ነው። እሱም እዚያው አለ።"

ሰማያዊ፣ ሰማያዊ።

"አይ ዓይን!" ትላለች። "እኛ ቤት ያሉት ለፎቶ ደመወዝ እየበሉ ይህን አላዩም።" ትከሻዋ ሲላላ አያለሁ። እኔም መተንፈስ እጀምራለሁ።

"አራተኛ፣ የዚያን ማክሰኞ ጠዋት ተራው የአረንጓዴዎቹ ነበር። ስለዚህ ቢጫዎቹ ጠዋት የገቡት—"

ከጣቴ ሥር ያለችው ዓረፍተ ነገር ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ናት።

ይህን ከየት አመጣሁት? መጽሔቱ ላይ የለም። ካርታው ላይ የለም። ፎቶው ላይም የለም። የዚያን ማክሰኞ ጠዋት ወንድሜ ከሰዓት ስለሚገባ እቤት ተኝቶ ነበር፤ እኔ ቢጫ ቆቡን አጥቤ ገመድ ላይ አሰጣሁ። ስጽፍ ማስረጃ መሆኑ እንኳ አልታየኝም። የገዛ ቤቴ በር በየት በኩል እንደሆነ እንደማውቀው ነው ያወቅሁት።

"እህ፣ አራተኛ?"

"እሱ... ግምት ነው።"

ወረቀቱን ወደራሷ ትስበዋለች። ታነበዋለች። እንደገና ታነበዋለች።

"ሌላው ሁሉ ማስረጃ፣ ይቺ ብቻ ግምት" ትላለች። "በየትኛው ሳምንት ማን ጠዋት እንደሚገባ ከሠራተኛውና ከቤተሰቡ በቀር ማን ያውቃል?"

መሳቢያዋን ከፍታ ረጅም የሠራተኞች ስም ዝርዝር ታወጣለች፤ መነጽሯን ታደርጋለች። ድምፅዋ አሁንም ለስላሳ ነው።

"ብሎጉ ላይ ያለው ያንቺ ስም ብቻ ነው። የአባትሽ ስም ማን ነው፣ የኔ ልጅ?"

የእስክሪብቶዋ ጫፍ የመጀመሪያው ስም ላይ ቆሞ ይጠብቃል።