ወደ ላይ የምትነሳው ክንድ

«ይቺ አይደለችም» ይላል አባቴ፣ በካርቶንና በሽቦ በሠራሁት ትንሽ የባቡር ጣቢያ ላይ ለባቡር ‹ቁም› ወይም ‹እለፍ› የምትለዋን ባለ ክንድ የምልክት ምሰሶ በጣቱ እየነካካ። «የእኛዋ ክንድ ወደ ታች ስትወርድ ነበር ‹እለፍ› የምትለው። ያንተዋ ወደ ላይ ነው የምትነሳው።»

«ቀይረዋታል እኮ አባዬ።»

«እኔ ከወጣሁ በኋላ ነዋ። ሰዓት ሠሪ አይደለህ፣ ከአባትህ ይልቅ መነጽርህን ታምናለህ። ነገ የድሮ ባልደረቦቼ ሲመጡ አሮጌዋን ይዩ።»

ነገሩ የክንድ ነገር አይደለም። አባቴ በዚያ ጣቢያ የምልክት ጠባቂ ነበር። እኔ ዳዴ ስል አንድ የጭነት ባቡር ከቆመ ባቡር ጋር ተላተመ፤ የነጂው ረዳት ሞተ፤ አባቴ ተባረረ። «ሽቦው ተበጥሶ ክንዷ በራሷ ወረደች እንጂ እኔ አልነካኋትም» እያለ አረጀ። በአሮጌዋ ክንድ እንዲህ ያለው ያጋጥማል፤ ሽቦዋ ከተበጠሰ ወደ ታች ትወርዳለች። እናቴም ለሚያሙን ጎረቤቶች ሁሉ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንዳለች ሞተች።

ጠራ እንግዲህ። አመሌ ሆኖ ነገር ልክ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ምልክቷን በአባቴ ዘመን እንደነበረችው ልሠራ ብዬ ያገኘሁት ፎቶ ኪሴ ውስጥ ነው። እናቴ እርጉዝ ሆና ጣቢያው ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ የምልክቷ ክንድ ወደ ላይ ተነስታለች። አጠገቧ ያለው አያቴ ነው፤ እኔ ሳልወለድ የሞተው። ሆዷ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ክንዷ ከአደጋው በፊት ተቀይራለች ማለት ነው። አዲሷ ደግሞ ሽቦዋ ቢበጠስ «ቁም» እንዳለች ነው የምትቀረው፤ «እለፍ» እንድትል የሰው እጅ ያስፈልጋታል። ይህን ለአባቴ የምነግርበት አፍ የለኝም።

«ተመልከት» ይልና በሽቦዋ ፋንታ ያሰርኩትን የምሰሶዋን ክር በጥፍሩ ይበጥሳል። እንድትወርድ ጎንበስ ብሎ ይጠብቃል። ክንዷ ንቅንቅ አትልም። በጣቱ ወደ ታች ይጫናታል፤ እምቢ ትላለች።

«ክሩ ነው አባዬ። ተዋት፣ አሮጌዋን እሠራልሃለሁ።»

አይሰማኝም። ወንበሩን ዳብሶ ይቀመጣል።

«ሠራተኞቹ ምሰሶው ላይ ወጥተው አሮጌዋን ሲፈቱና አዲሷን ሲያስሩ፣ እናትህ ውሃ ታቀብላቸው ነበር። ሆዷ ገፍቶ። ፀሐይ ነው፣ ግቢ ብያታለሁ።» ቀና ብሎ ያየኛል። «ያኔ ሆዷ ውስጥ የነበርከው አንተ ነህ ወይስ እህትህ?»

«እህቴ» እላለሁ ፈጥኜ።

በልጅነቴ ስኳር ሰርቄ ስዋሽ ያየኝ እንደነበረው ያየኛል፤ አይቆጣም ግን። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እሷማ የተወለደችው እኔ ከተባረርኩ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው» ይላል።

ከዚያ ክንዷን በጣቱ ጫፍ ወደ ላይ ያነሳታል። ሲለቃት ትወድቅና «ቁም» ትላለች። እንደገና ያነሳታል።