ሰሌዳ አጥፊዋ

በጎልማሶቹ መማሪያ ክፍል ውስጥ እናቴ ጣቷን ከፈተናው የመጀመሪያ ቃል ሥር ታስቀምጣለች። ሊፈትናት የመጣው አጥኚ እርሳሱን «አትችልም» የሚለው ሣጥን ላይ አሳርፎ ይጠብቃል።

«ካላወቁት ይለፉት፣ እማማ።»

«ውሃው... ከመጠጣቱ በፊት... ይፈላል» ትላለች እናቴ።

ክው እላለሁ። ደብዳቤ የማነብላት፣ ቅጽ የምሞላላት እኔ ነኝ። አንዲት ፊደል ስታነብ ሰምቻት አላውቅም።

አጥኚውም እርሳሱን ያነሳል። «ማን አስተማረዎት?»

«ሰሌዳው ነዋ። ተማሪዎቹ ሲወጡ ክፍሉን ስጠርግ የማጠፋው እኔ አይደለሁ? ከማጥፋቴ በፊት ቆሜ አየዋለሁ። የጽዳት ኃላፊው ቀርፋፋ ናት እያለ ያማኛል።» ትስቃለች። «እንግዲህ አለፍኩ አይደል? ሰኞ ልግባ?»

የጎልማሶች ክፍል ሲከፈት ዕጣ ወጥቶ ነበር። ለእሷ ባዶ ወረቀት ደረሳት። ከዚያ ወዲህ «ተራሽን ጠብቂ» እየተባለች ሁለት ዓመት ጠበቀች። ዛሬ ፈተና አለ ሲሏት የክት ቀሚሷን ለብሳ መጣች።

አጥኚው እሷን ትቶ እኔን ያያል። «ባዶ ዕጣ የደረሳቸው መማር አልነበረባቸውም» ይላል ቀስ ብሎ። «የተማረውን ካልተማረው ጋር ካላነጻጸርን ትምህርቱ መጥቀሙን በምን እናውቃለን? መንግሥት ሌላ ክፍል የሚከፍተው ይህን ውጤት አይቶ ነው።»

«ተራዋስ?» እላለሁ።

«ተራ የለም። ዕጣው የወጣው ለዚሁ ነው።» አንገቱን ይደፋል። «አዲስ ክፍል ቢከፈትም ማንበብ የሚችል ሰው አይመዘገብም።»

ከፊቱ ካለው ዝርዝር ላይ ስሟን በእርሳስ ይሰርዛል። እናቴ ጎንበስ ብላ የተሰረዘውን ታያለች። ከዚያ ጣቷ ወደ ላይ፣ ወደ ዝርዝሩ ርእስ ይወጣል።

«ለማነጻጸሪያ... የማይማሩ» ታነባለች።

ጣቷ ስም በስም ይወርዳል፤ ጎረቤታችን፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ዘበኛው። የዘበኛው ስም ላይ ሲደርስ ይቆማል።

በሩ ይንኳኳል። ዘበኛው ኮፍያውን በእጁ ይዞ ብቅ ይላል። ጫማውን አስጠርጓል።

«የእኔ ተራ ደረሰ እንዴ?»

እናቴ ተነስታ ወደ ሰሌዳው ትሄዳለች፤ ሥሩ ያለውን ማጥፊያ ጨርቅ አንስታ፣ አጣጥፋ፣ ኪሷ ትከታለች።

«ይግቡ ጋሼ» ትላለች። «የጠዋቱን ትምህርት ገና አላጠፋሁትም።»