ምቱን የሚጽፈው የተመታው ነው

ታናሽ ወንድሜ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ከተኛ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ውጭ አገር ስማር፣ ለዓመታት በስልክ እየተጻጻፍን በጨዋታ በሰይፍ ስንፋለም ኖረናል፤ እኔ ጭምብላሙ፣ እሱ ወታደሩ። ሕጋችን አንድ ነበር፤ ሰንዛሪው መሰንዘሩን ብቻ ይጽፋል፣ መመታቱንና አለመመታቱን የሚጽፈው ሌላው ነው።

አልጋው አጠገብ ተቀምጬ «ጭምብላሙ ሰይፉን ወደ ወታደሩ ደረት ሰነዘረ» ብዬ ላክሁለት። ለመከላከል እንኳ ይነሳ እንደሆነ ብዬ ነው። ሌላ ምን ላድርግ?

«ጋሼ፣ ስልኩ እኮ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው» አለች እህቴ። «ባትሪው ካለቀ ሳምንት ሆነው። ለማን ነው የምትጽፈው?»

«ዝም በይ እስቲ። ተራው የእሱ ነው።»

ስልኬ ነዘረ።

«ወታደሩ ስለቱን በባዶ እጁ ያዘው። ይሄን ሁሉ ተምረህ ሰይፍ አያያዝ አላስተማሩህም?»

እህቴ ቦርሳዋን ከፍታ ስልኩን አወጣች። እንደጠፋ ነው።

ነርሷ ሙቀቱን ልትለካ መጥታ አንሶላውን ገለጠች።

«እንዴ! ማነው መዳፉን የቆረጠው?»

ደሙ ገና ይፈስሳል። ስልኬ እንደገና ነዘረ።

«ጋሼ፣ ተራው ያንተ ነው።»