ስድስተኛዋ ጣት

በሞያሌ ከብት ገበያ ዋጋ በአፍ አይነገርም፤ ሻጭና ገዢ በፎጣ ሥር እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ የተጨበጠችው ጣት ሁሉ አንድ ሺህ ሺሊንግ ናት። ከድንበሩ ወዲያ የመጣው ነጋዴ ሰሊም ወይፈን ሊሸጥ የመጣውን የታዲቻን እጅ ሙሉውን ጨበጠና እሳት እንደነካ ሰው የራሱን እጅ መንጭቆ አወጣ።

«ስድስት ጣት!»

«ስድስት ሺህ ብለሃል፤ ወይፈኑን ውሰድ» አለ ታዲቻ።

«እጅ ሙሉ አምስት ነው! ይቺን ትርፍ ሥጋ አታስቆርጣትም? የተማሩት እንደሚሉት ወደፊት የሰው ጣት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ለሞባይል አውራ ጣት ይበቃል።»

ደላሎቹ ሳቁ። ታዲቻ እስከ ትናንት ያቺን ጣት አጥፎ ነበር እጁን የሚሰጠው፤ ዛሬ ግን ማጠፉ ሰለቸው። ፎጣውን ገፎ ስድስቱንም ለገበያው ዘረጋ።

«የተማሩት እኔን መቼ አዩኝ? የወደፊቱ ሰው እጁ ይሄ ነው። እኔ ቀድሜ መጣሁ፤ አንተ ከዘገየህ ምን ላድርግህ?»

ሳቁ ወደ ሰሊም ዞረ። ታዲቻ ፎጣውን መልሶ እጁን አቀረበ።

«በል፣ አሁን ስንት እንደሆነ አውቀህ ጨብጥ።»

የሰሊም እጅ በፎጣው ሥር ገባ፣ አመነታ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳበሰ። ከዚያ ስድስተኛዋንም ጨምሮ ጨበጠ።