የሰኞ እጅጌ

ልብስ ሰፊዋ ካሜራውን ስትገዛ ለታናሽ እህቷ «ወፍ ላነሳበት ነው» አለቻት። እህትየው በመስኮቱ ብቅ ብላ ወፍ ፈለገች። ከአራተኛ ፎቅ የሚታየው ሰፊው መንገድና ከማዶው ያለው ቡቲክ ብቻ ነበር።

«የቷን ወፍ?»

«ስትመጣ ታያታለሽ።»

ካሜራው ሌንሱ የማይፈታ፣ ጥቁር፣ ደልደል ያለ ነው። ማቅረቢያውን በጣት ገፋ ሲያደርጉት ሌንሱ ዝዝዝ እያለ እንደ ኤሊ አንገት ብቅ ይላል፤ ስልሳ እጥፍ ያቀርባል። በመጀመሪያው ቀን ልብስ ሰፊዋ ከመንገድ ማዶ ቡቲኩ ውስጥ የተሰቀለ ሸሚዝ ላይ የአንዷን አዝራር ቀዳዳዎች ቆጠረች። አራት ናቸው። ብቻዋን ጨፈረች።

ምስጢሩ ወዲህ ነው። ሁሉም «ዘናጩ» የሚለው ባለቡቲክ ሰኞ ሰኞ ጠዋት መስታወቱ ውስጥ አዲስ ቀሚስ ያቆማል። በሩ ላይ «ዲዛይኖቻችን ከውጭ የሚመጡ ናቸው፤ አስመስሎ መስፋት በሕግ ያስጠይቃል» የሚል ማስታወቂያ ለጥፏል። ልብስ ሰፊዋ ሕግ ትፈራለች፤ ደንበኛ ማጣትን ግን የበለጠ ትፈራለች። ድሮ በቡቲኩ ፊት ስትመላለስ ዘበኛው «እትዬ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?» እያለ ያሳቅቃት ነበር። አሁን ቁርጥራጭ ጨርቅ በሞላችው ትራስ ላይ ክርኗን ታሳርፋለች። ሌንሱ ሲረዝም የልብ ምት እንኳ ምስሉን ስለሚያንቀጠቅጠው ትንፋሿን ትይዛለች። ቀጭ! ሽንሽኑ፣ ኮሌታው፣ የስፌቱ አካሄድ ሳይቀር እጇ ገባ።

ሐሙስ ላይ ሰፍታ ትጨርሳለች። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነ የተጠናቀቀውን መስኮቱ ላይ የቆመችው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ትለብሰዋለች።

እንዳለ መቅዳት ግን አይሆንላትም፤ እጇ አያርፍም። አንድ ሳምንት እጅጌውን አራት ጣት ያህል ነፋ አደረገችው። በሚቀጥለው ሰኞ ዘናጩ ያቆመው ቀሚስም እጅጌው ነፋ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ ያውም ከእሷ በአንድ ስንዝር በልጦ።

«አየሽልኝ? ፋሽኑን ቀድሜ ገመትኩት!» አለች ሜትሩን አንገቷ ላይ እያሽከረከረች።

እልህ ያዛት። እሷም አንድ ስንዝር ጨመረችበት። ሰኞ ሲደርስ የማዶው ሌላ ስንዝር ጨምሮ ጠበቃት። ጨመረች፤ ጨመረ። ሁለት ወር ሳይሞላ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ትከሻው ላይ ዱባ የተሸከመ መሰለ። ባንክ ቤት የምትሠራው ደንበኛዋ በመስኮቷ ቀዳዳ እጇን ማሾለክ አቃታት። የጥርስ ሐኪሟ በጎን ካልሆነ በር አላስገባት አለ። አንዷ ደግሞ ታክሲ ውስጥ «ለእጅጌሽም ሂሳብ ክፈዪ» ተባለች። ያም ሆኖ የደንበኛው ሰልፍ እስከ ደረጃው ወረደ፤ ሁሉም «እንደ ማዶው ይሁንልኝ፣ ግን ትንሽ ከፍ አድርጊው» ይላል።

«እነዚህ የውጭ ሰዎች ምን ነካቸው?» አለች እህትየው አንዱን እጅጌ ለመተኮስ ወንበር ላይ ወጥታ። «ይሄ እጅጌ ነው ወይስ ድንኳን?»

«እኔ ምን አውቄ! እነሱ ካሉ ልክ ነው።»

አንድ ሰኞ ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን አንስታ ስታበቃ፣ ጣቷ አላርፍ ብሏት ማቅረቢያውን ገፋ አደረገችው። ከቀሚሱ ጀርባ፣ በመጋረጃው ክፍተት፣ ክብ ጥቁር ነገር አየች። የድስት ክዳን መሰላት። ትንፋሿን ይዛ አቀረበችው።

ሌንስ ነው። ከሌንሱ ኋላ ዘናጩ አለ፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ እሷ መስኮት አነጣጥሯል።

ወለሉ ላይ ተዘረረች።

«ምን ሆንሽ?»

«እያነሳኝ ነው!»

እህትየው በመስኮቱ ጠርዝ ግንባሯን ብቻ ብቅ አድርጋ አየች። ወዲያው አፏን በእጇ አፍና መንፈቅፈቅ ጀመረች። «እታለም፣ ሰውየው ወዶሻል!»

«የምን መውደድ ነው! ማስረጃ እየሰበሰበ ነው! ፍርድ ቤት ሊገትረኝ ነው! ሃያ ዓመት የለፋሁበት ቤት ሊታሸግ ነው፣ አንቺ ትስቂያለሽ?»

«ቢሆንም ባይሆንም ፀጉርሽን አበጣጥሪ።»

ልብስ ሰፊዋ ልትቆጣ አስባ እሷም ሳቋ አመለጣት። ሁለቱም ወለሉ ላይ እየተንከባለሉ ሳቁ፤ ፍርሃትና ሳቅ አንድ ላይ ሲመጣ ማንም አይችለውም። ከዚያ ቀሚሶቹን ለመደበቅ ተሯሯጡ። ቁም ሣጥኑ አልዘጋ አለ፤ አንዱን እጅጌ ሲያስገቡት ሌላው ይወጣል። እህትየው በጀርባዋ በሩን ተደግፋ «ቀሚስ ሳይሆን ሰው የደበቅን ነው የሚመስለው!» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ተንበርክካ በካሜራው ወደ ማዶ አየች። ዘናጩ መንገዱን እየተሻገረ ነው። ካሜራው አንገቱ ላይ፣ ወፍራም ፋይል ብብቱ ሥር። የሕንፃው በር ላይ ሲደርስ ላቡን ጠረገ።

«በቃ፣ የመጣው ይምጣ» አለች ተነስታ። «ከዳኛ አፍ ከምሰማው እኔው ልናዘዝ። ይቅርታ እለዋለሁ። እግሩ ላይ እወድቃለሁ።»

«ፀጉርሽን…»

«ዝም በይ!»

እርምጃው ደረጃውን ወጣ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆም አለ፤ እንደገና ወጣ። በሩ ቀስ ብሎ ተንኳኳ።

ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን ጎተት አድርጋ ከፈተች። ዘናጩ ከረባቱ ወደ ጎን ዞሮ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ቆሟል። ከብብቱ ፋይል የእሷው አሻንጉሊት ፎቶዎች አፈትልከዋል። የተዘጋጀችበትን ለመናገር አፏን ስትከፍት ቀደማት።

«እትዬ፣ ሲያነሱኝ አይቻለሁ፤ ጥፋቴን አምኛለሁ፣ ብቻ አይክሰሱኝ! ግን እባክዎ፣ ይሄን ሁሉ እጅጌ ከየትኛው አገር ነው የሚያስመጡት?»